ሦስት ፊደላት
ጅማ እህል ተራ ላይ በቁቤ «ጤፍ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በኤክስ ይጀምራል፤ ስንዴን ደግሞ በኪው። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቱርክ ውስጥ ግን እነዚህ ሁለቱና ደብሊው ኩርዶችን ፍርድ ቤት አመላልሰዋል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

የ1928ቱ የፊደል ሕግ ለቱርክኛ 29 ፊደላት ሲመርጥ ሦስቱን አላስገባም። ስለዚህ የልጁን ስም በኩርድኛ አጻጻፍ ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ ይመለሳል፤ ወይ ደብሊውን በቪ፣ ኤክስን በኤች ቀይሮ ይመጣል። የአዲስ ዓመት በዓላቸው «ኔውሮዝ» «ኔቭሩዝ» የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ሕጉን መጣስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 222 ከ2 እስከ 6 ወር ያሳስር ነበር። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እንኳ በ2010 በስም ጉዳይ ለከሰሱት አልፈረደላቸውም፤ በእኔ ዓይን ደካማ ውሳኔ ነው። የእስራት ቅጣቱ በ2014 ተነሣ።

ትምህርቱስ? ከ2012 ጀምሮ ኩርድኛ ከ5ኛ ክፍል አንሥቶ በሳምንት 2 ሰዓት በምርጫ ይሰጣል፤ ያውም ቢያንስ 10 ተማሪ ከጠየቀ፣ መምህርም ከተገኘ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን ከቱርክኛ ሌላ ቋንቋ በአፍ መፍቻነት እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብን በኩርድኛ መማር የለም።