ሳብ ቤዝ ከሶል ሲነሳ፦ በሲንተሳይዘር ከሠራሁት የተማርኩት

ሰሞኑን በአምባሰል ቅኝት አንድ ሙዚቃ በኮምፒውተር እየሠራሁ ነው። ክራሩንና ከበሮውን ካስገባሁ በኋላ ከሥር የሚሸከማቸው ሳብ ቤዝ አስፈለገኝ፤ ከ20 እስከ 60 ሄርዝ (በሰከንድ ከ20 እስከ 60 ንዝረት) አካባቢ ያለውን፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚያውቀውን ድምፅ ማለቴ ነው። የሠራሁበት ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን ከባዶ የሚፈጥረው ፕሮግራም፣ ቫይታል ነው፤ መሠረታዊው ቅጂ በነፃ ይገኛል። ሰርጅ ኤክስቲም በተባለው ሌላ ሲንተሳይዘርም ተመሳሳዩን ማድረግ ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ግን ከፕሮግራሙ ቁልፎች አስቀድሞ የሚመጣው ኖታው መሆኑ ነው።

ክራር የሚጫወትልኝ ጓደኛዬ ቅኝቱን በዶ ላይ አቅንቶት ነበር። የታችኛው ዶ 32.7 ሄርዝ ነው፤ አብዛኛው የቤት ድምፅ ማጉያ አያወጣውም። አንድ ኦክታቭ ከፍ ሲደረግ 65.4 ይሆናል፤ ያ ጥሩ ቤዝ ነው፣ ሳብ ግን አይደለም። ቅኝቱ በሶል ላይ ሲቆም መነሻው 49 ሄርዝ ላይ ያርፋል። ከሚ፣ ማለትም ከ41.2፣ እስከ ላ፣ ማለትም እስከ 55 ሄርዝ ያለው ክልል ለመነሻ ኖታ የተመቸ ነው፤ ድምፁም ይወርዳል፣ ማጉያውም ይችለዋል። ጓደኛዬ ክራሩን እንደገና ቃኝቶልኝ ሥራው ከዚያ ቀጠለ።

በኦሲሌተሩ (ሞገዱን በሚፈጥረው ክፍል) ላይ ንጹሕ ሳይን ሞገድ መረጥኩ። አጠገቡ ፌዙን (የሞገዱን መነሻ ነጥብ) በዘፈቀደ የሚቀያይር፣ ሲከፈት 100 በመቶ ላይ የሚገኝ ቁጥር አለ። እንዲሁ ከተተወ እያንዳንዱ ኖታ ከሞገዱ የተለያየ ነጥብ ላይ ይጀምራል፤ አንዱ ይፈነጥቃል፣ ሌላው ከከበሮው ጋር ተጣፍቶ ይሳሳል። ወደ 0 አወረድኩትና ሞገዱ ሁልጊዜ ከዜሮ መስመር እንዲነሳ አደረግኩ። የ49 ሄርዝ አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሪሊዙ፣ ማለትም ኖታው ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ፣ ከዚያ ካጠረ ድምፁ መሐል ላይ ተቆርጦ ጠቅ ይላል። እኔ ወደ 60 ሚሊሰከንድ አድርጌዋለሁ።

አምባሰል እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ኖታ ያለው ርቀት ግማሽ ቶን ብቻ ስለሆነ ከ49 ወደ 51.9 ሄርዝ ነው የምንሄደው። ሁለቱ ኖታዎች ለቅጽበት እንኳ ከተደራረቡ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲንተሳይዘሩ በአንድ ጊዜ የሚያሰማውን የኖታ ብዛት 1 ማድረግ። አዲሱ ኖታ ሲመጣ አሮጌው ቦታውን ይለቃል።

ችክችካው ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ፈጠን ባለ ችክችካ አንዷ ትንሽ ምት 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ናት። በዚያ ጊዜ ውስጥ 49 ሄርዝ የሚዞረው ስምንት ዑደት ያህል ብቻ ነው፤ ጆሮ ኖታውን በቅጡ ሳይለየው ያልፋል። ስለዚህ ሳቡን ከእያንዳንዷ ምት ጋር ማስሮጡን ትቼ በየሦስቱ ምት አንዴ እንዲያርፍ አደረግኩት። ዘፈኑ ወዲያው ተነፈሰ። በእኔ ግምት በጭፈራ ሙዚቃችን ውስጥ ሳብ ቤዝ የሚበላሸው በዋናነት ብዙ እንዲሮጥ ስለሚደረግ ነው።

ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚሠራ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሾፌሩን ፈቃድ ጠይቄ፣ ድምፁን ሞከርኩት። የጋቢናው ማጉያ ትንሽ ነው፤ ሳቡ ፈጽሞ አልነበረም። በስልክም ያው ነው። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ከበገና ነው። በገና ጥልቅ የሆነው በአውታሩ ብቻ አይደለም፤ በድልድዩና በአውታሩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ታንዛርራለች፤ ያ ንዝረት ከመሠረቱ በላይ ብዙ ሃርሞኒክ (የመሠረቱ ሄርዝ ብዜት የሆኑ ድምፆች) ይፈጥራል። ጆሮ ከእነዚያ ሃርሞኒኮች ተነስቶ የታችኛውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል፤ መሠረቱ ራሱ ባይኖርም እንኳ። እኔም የቫይታልን ሶፍት ክሊፕ፣ ማለትም የሞገዱን ጫፎች በዝግታ የሚያጎብጠውን፣ በጥቂቱ ከፈትኩ። ይህ ዓይነቱ ሚዛናዊ ክሊፕ ጎዶሎ ሃርሞኒኮችን ነው የሚሰጠው፤ ለሶል 147 እና 245 ሄርዝ ይወጣሉ። የጎደለውን 98 ሄርዝ ለመሙላት ሁለተኛ ኦሲሌተር አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ጨመርኩ። በቀጣዩ ሙከራ ሾፌሩ ማጉያውን ቀነስ አደረገው፤ ለእኔ በቂ ምስክር ነበር።

አራት ኪሎ ያለችው ክፍሌ ርዝመቷ 3.5 ሜትር ነው። የ49 ሄርዝ ሞገድ 7 ሜትር ስለሆነ ክፍሏ ልክ ግማሹን ትይዛለች። ውጤቱ የሚገርም ነው፤ መሐል ወንበር ላይ ስቀመጥ ሶል ይጠፋል፣ ጀርባዬን ግድግዳ ሳስጠጋ ይገነፍላል። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኔ ቦታ ነው። ስለዚህ የሳቡን መጠን የምወስነው በማዳመጫና በስፔክትረም ማሳያ እያመሳከርኩ ነው። የድምፁ ከፍታም መጠንቀቅ ያሻዋል፤ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ ዝቅተኛ ድምፆችን ዝግ ባለ መጠን ሲሰማ ከመካከለኞቹ ይልቅ ያሳንሳቸዋል። ሌሊት ጎረቤት እንዳይነቃ ተብሎ የተመጠነ ሳብ ቀን ላይ ከልክ ያልፋል።

በክራሩ ቀረጻ ውስጥ የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ የሚገባ እምምታም ነበር። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ሳቤ 49። ሁለቱ ሲገናኙ ዝቅተኛው ድምፅ በየሰከንዱ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይወድቃል፤ ሲሰሙት ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ላፕቶፑን በባትሪ እያሠራሁ ክራሩን ዳግም ቀዳሁ፤ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውንም በፊልተር ቆረጥኩለት፤ ክራር ከዚያ በታች የሚናገረው የለውም። ሳቡ ሞኖ ነው (በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት)፤ ከበሮው በመታ ቁጥር በኮምፕረሰር ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውም ተቆርጧል።

ቀጥዬ አንቺሆዬን እሞክራለሁ። እዚያ ከግማሽ ቶኑ ሌላ ከሶል እስከ 69.3 ሄርዝ የሚዘልቅ ሻካራ ርቀት አለ። መነሻውን ብቻ ለሳቡ ትቼ ሌሎቹን ለላይኛው ቤዝ ልሰጥ አስቤያለሁ። በዚህ ቅኝት ሳብ የሠራችሁ ካላችሁ፣ መነሻችሁ የትኛው ኖታ እንደነበር ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።