የሦስት ሰከንድ ዝምታ

ባልደረባዬ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ከቁጥር በቀር ምንም አልነበረም፤ 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1። ልጆቹን ከጠየቅሁ በኋላ ራሴ እስክመልስ ወይም ሌላ ልጅ እስክጠራ የታገሥሁት ሰከንድ ነው። ፊቴ ጋለ።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍልን ዕብራይስጥና ኦሪት አስተምራለሁ። እንደ ብዙዎቹ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች የእኛም ቀን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንድ በኩል ኦሪት፣ ጸሎትና ዕብራይስጥ፣ በሌላ በኩል ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ። መምህራኑም እንደዚያው ተከፍለን ለዓመታት ከሰላምታ አላለፍንም። ሥልጠና አልጎደለብንም። ትምህርት ሊከፈት ሲል ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ማስታወሻ እንይዛለን፣ ማስታወሻው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ልጆቹ ሲገቡ እኔ ያው የአምናዋ መምህርት ነበርሁ፤ ይህም ያሳዝነኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ርእሰ መምህራችንን ለመንሁ፤ በሳምንት 45 ደቂቃ ከሳይንስ መምህርቷ ጋር እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ አልሁ። እኛ አይሁድ ሁለት ሁለት ሆነን እየተከራከርን የምናጠናበት የቆየ ልማድ አለን፤ ሔቭሩታ ይባላል፣ ከ«ኅብረት» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። በመጽሐፉ ቦታ የየራሳችንን ክፍል አስቀመጥን። ስምምነታችን አንድ ነበር፦ ያየነውን እንጂ የመሰለንን አንጽፍም።

እሷ አይሁዳዊት አይደለችም፣ ዕብራይስጥም አትሰማም። ስለዚህ ሰዓቷን ይዛ ዝምታዬን ለካች። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ይህንኑ የአንድ ሰከንድ ጥድፊያ እንዳገኘች ነገረችኝ። መምህሩ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሥ ግን መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም ይናገራሉ። ልጅ ሲጨነቅ ማየት ስለማልችል መልስ ማቀበሉ ርኅራኄ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚያስብበትን ጊዜ እየወሰድሁበት ኖሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዘፍጥረት 18ን ገልጠን «ሳራ ለምን ሳቀች?» ብዬ በልቤ መቁጠር ጀመርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል። በመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው፣ ድምፁን ብዙም የማልሰማው ልጅ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠና «አብርሃምም በምዕራፍ 17 ስቋል። እሱ ለምን አልተወቀሰም?» አለ። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው የኦሪት ተርጓሚ ሊቅ ራሺ መልስ የሰጠበት ጥያቄ ነው፤ ልጁ ግን ራሺን አላነበበም።

ሁሉም አልሰመረም። የመጸው በዓላት ሲመጡ ሦስት ሳምንት ተቋረጥን፤ ሰዓቱ በትምህርት መርሐ ግብሩ ላይ እስኪጻፍልን ድረስም አልጸናም። ይህን የሚጀምር መምህር ካለ ቀድሞ ሰዓቱን ያስጽፍ።

አንድ ቀን ከሳይንስ መምህርቷ ጋር ስለ ይስሐቅ ስናወራ፣ ስሙ በዕብራይስጥ «ይስቃል» ማለት እንደሆነ ነገርኋት። በግእዝም «ሠሐቀ» ሳቀ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባወጣው በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል የገባሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ቄስ የነበሩት አያቴ ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡ ሰምቼ ነው ያደግሁት። «ይህን ለልጆቹ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አልነገርኋቸውም።

በማግሥቱ በሰሌዳው ላይ ስሙን በዕብራይስጥ ጻፍሁ፣ ከጎኑ በፊደላችን «ይስሐቅ»። ምንም ሳልናገር ጠበቅሁ።