ሳንጋባ አብረን እንደምንኖር ለኢሚግሬሽን ያስረዳነው እንዲህ ነው

አውስትራሊያ ውስጥ ሳትጋቡ እንደ ባልና ሚስት የምትኖሩ ከሆነም ለፓርትነር ቪዛ ማመልከት ትችላላችሁ። እኔና ፍቅረኛዬ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው የምንኖረው። እሱ ዜጋ ነው። ያመለከትነው እዚያው አገር ውስጥ ሆነው ለሚያመለክቱ የሚሰጠውን ጊዜያዊ የፓርትነር ቪዛ፣ 820ን ነው። ለቋሚው ቪዛ፣ ለ801ም የምታመለክቱት አንድ ላይ ነው፤ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካመለከታችሁ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

ሕጉ አራት ነገር ያያል፦ ገንዘባችሁን፣ የቤት ውስጥ ኑሯችሁን፣ ሰው እንዴት እንደሚያውቃችሁን፣ እርስ በርስ ያላችሁን ቁርጠኝነት። ከማመልከታችሁ በፊት ቢያንስ 12 ወር እንዲህ መኖራችሁንም ይጠይቃል። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ግንኙነታችሁን በሕግ ካስመዘገባችሁ የ12 ወሩ ነገር ይቀርላችኋል። ግንኙነቱ የእውነት መሆኑን ማስረዳት ግን አይቀርም።

ገንዘቡ ብዙ አላስቸገረንም። የኪራይ ውሉ በሁለታችንም ስም ነው፤ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ አስቤዛው የሚወጣው ከጋራ ሒሳባችን ነው። ማብራሪያ የፈለገው እቁቡ ነበር። ከደመወዜ እየወጣ ለአንዲት ሴትዮ የሚገባ ገንዘብ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። ስለዚህ እቁብ ምን እንደሆነ፣ ሲደርሰን ፍሪጅና አልጋ እንደገዛንበት ጽፈን ደረሰኙን አያያዝን።

የከበደን ሰው ያውቃችኋል ወይ የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳይላክ አብሮ መኖር ለቤተሰብ አይወራም። እማዬ በቪዲዮ ስትደውል እሱ ተነስቶ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር። ፌስቡክ ላይ አንድ ላይ የተነሳነው ፎቶ የለም። እኔ ግን የተደበቀ ኑሮን ማስረዳት በጣም ከባድ ነው ብዬ አምናለሁና ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ሽማግሌው መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ፎቶው ለምን እንዳነሰ፣ ቤተሰብ መቼ እንደሰማ፣ ሁሉንም እንዳለ በጽሑፋችን አስቀመጥነው።

ፎርም 888 ማለት የሚያውቃችሁ ሰው ስለ ግንኙነታችሁ የሚሰጠው የጽሑፍ ምስክርነት ነው። የሚሞላላችሁ ሰው 18 ዓመት የሞላው የአውስትራሊያ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ዋናው የሚያውቃችሁ መሆኑ ነው። «ይዋደዳሉ፣ ጥሩ ልጆች ናቸው» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ብዙም አይጠቅማችሁም። ጎረቤታችን ግን ታምሜ የተኛሁ ቀን እሱ ሥራ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለሷ ሰጥቷት እንደሄደ፣ ማታ ተመልሶ ሾርባ ሲሠራ እንዳየችው ጻፈች። ከደርዘን ፎቶ ይበልጣል።

የአማርኛ መልእክቶቻችንን ናቲ (NAATI) የሚባለው የአውስትራሊያ የተርጓሚዎች ዕውቅና ሰጪ ድርጅት ዕውቅና በሰጠው ተርጓሚ አስተረጎምን። ትርጉም ውድ ስለሆነ መርጣችሁ ስጡ። እኛ የፍቅር ቃላቱን ትተን «ሽንኩርት አልቋል»፣ «ኪራዩን ከፈልክ?» የሚሉትን ነው ያስገባነው፤ ቀናቸው ከባንኩ ወረቀት ጋር ይገጥማል። 820ው ከወጣ በኋላም ደረሰኝ ማስቀመጥ አላቆምንም፤ ለ801 ግንኙነቱ መቀጠሉን እንደገና ይጠይቃሉ።