በረዶ ከኮምቦልቻ አስመጣሁ

ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ፍሪጄን ስከፍት ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ማታ መብራት ሄዶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በጆግና በሳህን ስሠራው የሰነበትኩት በረዶ ወደ ውሃነቱ ተመልሷል። 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ስለ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ የምናወራበት ስብሰባ አለብኝ። ስለ በረዶ፣ ያለ በረዶ።

ኮምቦልቻ ጁስ ቤት ላለው ጓደኛዬ ደወልኩ። ረመዳን ስለሆነ ለማፍጠሪያ ጁስ ፍሪዘሩን ሞልቶ እንደሚያድር አውቃለሁ። ጄኔሬተርም አለው። «ደሴ ተቀምጠህ በረዶ ከእኔ ትለምናለህ? ጦሳ ተራራ ላይ ውጣና ልቀም!» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ላከው። በሰጋቱራ ቀብሮ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ። በረዶው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ደረሰ። ረዳቱ ሲያስረክበኝ «ዓሣ ነው?» አለኝ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ትሞቃለች። ከሞቃቷ ከተማ ወደ ብርዳሟ በረዶ ያስጫነ ሰው ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በዋልታ ጉዳይ የተለከፍኩት በኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሊዝበን ላይ ሊደረግ የታሰበው የአርክቲክ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) ሳይንስ ጉባኤ ሳምንት ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ዞረ። ያን ጊዜ ነው እንዲህ ዓይነት ስብሰባዎች መኖራቸውን ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ የተቀዱ ገለጻዎችን በሌሊት ፓኬጅ እያወረድኩ አያለሁ። የደቡብ ዋልታዋን አህጉር፣ የአንታርክቲካን ምርምር የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቋመ፤ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ጉባኤ ይጠራል። የአርክቲኩ በ1990 መጣ። በ2018 ሁለቱ አንድ ላይ ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ተሰበሰቡ።

ቀልቤን የሳበው ግን ከገለጻው ይልቅ የፖስተር አዳራሹ ነው። ተመራማሪው ሥራውን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ያትምና አጠገቡ ይቆማል። አላፊው ሁሉ ይጠይቀዋል። ፕሮፌሰሩም፣ ትናንት የተመረቀውም። እኔን «ይሄማ ደሴም ይሆናል» ያሰኘኝ ይኸው ነው።

ጊዜውን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የወጣት ዋልታ ተመራማሪዎች ማኅበር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ የዋልታ ሳምንት ያከብራል። መጋቢት 12 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ያወጀው የግግር በረዶ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለበት ነበር። በዚያው ሳምንት ቦልደር ኮሎራዶ ውስጥ የአርክቲክ ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ነበር፤ የቀጣዩን አሥር ዓመት ምርምር የሚያቅዱበት፣ በአሥር ዓመት አንዴ የሚደርሰው ጉባኤያቸው ነው። እነሱ እዚያ፣ እኛ ደሴ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ማስታወቂያው ላይ ነው። «የዋልታ ሳይንስ ስብሰባ» ብዬ ለጠፍኩ። ሦስት ሰው ደውሎ «ዋልታ ቴሌቪዥን ሊቀርጸን ነው እንዴ?» አለኝ። አንዷ ለልጇ ልብስ ልትገዛለት ነበር። በማግስቱ ቀደድኩትና «ዓለም ጫፍ ላይ ያለው በረዶ ደሴን ምን አገባት?» ብዬ ጻፍኩ። ሰው የመጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛው አዳራሹ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በቃል ሰጥቶኝ ነበር። ጠዋት ስደርስ ሌላ ስብሰባ ገብቶበታል። በእጄ ወረቀት የለም፤ ከማን ጋር ልከራከር? አንድ ወላጅ ግቢያቸውን ከፈቱልን። ፕሮጀክተር የለም፣ መብራት የለም፣ የተቀዳ ገለጻ የለም። ያን ጠዋት ተበሳጭቼ ነበር። አሁን ሳስበው ፕሮጀክተር ቢኖር ኖሮ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጥ ነበር።

ሻይ ቡና አላቀረብኩም። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር፤ ግማሹ እስከ ማፍጠሪያ አይቀምስም፣ ግማሹም ጾመኛ ነው። በጀቴ ተረፈ። ነገር ግን የጾመ ሰው ፊት 40 ደቂቃ ስለ ውቅያኖስ ሞገድ ማውራት ኃጢአት ነው። አወራሁ። አንድ ሽማግሌ አንቀላፉ፤ ሁለት ልጆች ስልካቸውን አወጡ። ሁለተኛ አይለመደኝም። አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆዎቹን አወጣሁ። ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ። በአንዱ ውሃ ሞልቼ ጡጫ የሚያህል በረዶ አንሳፈፍኩበት። በሌላው ከውሃው በላይ ጫፉ የሚወጣ ድንጋይ አስቀመጥኩና በረዶውን ድንጋዩ ላይ ጫንኩት። ውሃው የደረሰበትን በፕላስተር ምልክት አደረግኩ። ተንሳፋፊው የባህር በረዶ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ግሪንላንድና አንታርክቲካ። ከዚያ መጠበቅ።

የደሴ ብርድ ግን ሳይንስ አያውቅም። በጥላ ውስጥ ያ በረዶ አልቀልጥ አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። መጀመር የነበረብኝ ሰው ከመግባቱ በፊት ነው። ደግነቱ ፖስተሮቹ ነበሩ።

ተማሪዎቼ ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ የሠሯቸው ስምንት ፖስተሮች በየአጥሩ ተለጥፈዋል። ብዙ ሰው የተሰበሰበበት የጭቃው ነው። አንድ ልጅ የሃይላንድ ላስቲክ አንገቱን ቆርጦ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ዳር ባመጣው ጭቃ፣ በአሸዋና በከሰል ዱቄት በየተራ ደርድሮታል። «ታችኛው አሮጌው ነው፣ ላይኛው የቅርቡ» እያለ ያስረዳል። ተመራማሪዎች ከዚሁ ሐይቅ ወለል ጭቃ በቱቦ አውጥተው የወሎ ደን መቼ እንደተመነጠረ አጥንተዋል። አንታርክቲካ ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ በጭቃ ፈንታ በረዶ። ልክ በዚያ ጥር የአውሮፓ ቡድን 2,800 ሜትር ወርዶ ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው በረዶ አውጥቷል። በውስጡ የታፈነው አየር የዚያ ዘመን አየር ነው። ልጁ ይህን ሲል አንዲት እናት ላስቲኩን ተቀብለው አሽተቱት። እስጢፋኖስን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ማንም ስለ በረዶው አልተከራከረም። በፔንግዊን ብጀምር ኖሮ እንደ ፊልም አይተውት ይሄዱ ነበር።

ከጭቃው ጎን የጣና ፖስተር ነበር። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። በዚያው ዘመን ሰሜን አትላንቲክ ተገንጥለው በወጡ የበረዶ ተራሮች ተሞልቶ ነበር፤ ተመራማሪዎች ሁለቱን ያያይዟቸዋል። የ40 ደቂቃ ገለጻዬ ሊናገር የሞከረውን ይህች ወረቀት በሁለት ሥዕል ጨረሰችው።

ቋንቋው ብዙ አደከመን። ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ያለው በረዶ ነው። ግሪንላንድን የሸፈነውም በረዶ ነው። ታዲያ «በረዶ ሲቀልጥ ባህር ከፍ ይላል» ስል የትኛው? ግድግዳ ላይ ወረቀት ሰቅለን ስም ማውጣት ጀመርን። ያንቀላፉት ሽማግሌ ነቁ። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ናቸው። «አመዳይና ውርጭን አንድ አታድርጓቸው» አሉን። «አመዳይ ጠዋት ሣር ላይ ነጭ ሆኖ የምታየው ነው። ውርጭ ባቄላዬን የሚያቃጥለው ብርድ ነው።» ጻፍነው። በተራራና በምድር ላይ ተከማችቶ ቀስ እያለ የሚንሸራተተውን ግግር በረዶ አልነው፤ ይህ የተለመደ ነው። ከምድር ተነስቶ ባህር ላይ ተዘርግቶ የሚንሳፈፈው ግን ስም አጣ። ከኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ በረንዳ ነዋ!» አለች።

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ የተባለው የአንታርክቲካ በረንዳ፣ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተፈረካከሰ። በረንዳው ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ባህሩን ብዙም አያነሳውም። ነገር ግን ከኋላው ያለውን ግግር በረዶ ደግፎ ይዞ ነበር። በረንዳው ሲሄድ የኋላው ወደ ባህር ፈጠነ። ልጅቷ ይህን በራሷ አፍ አስረዳች።

ይህን ስትጨርስ ብርጭቆዎቹ ደርሰዋል። ተንሳፋፊው ያለበት ውሃ ከፕላስተሩ አልነቃነቅ ብሏል። የድንጋዩ ሁለት ጣት ያህል አልፎታል። አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየና «ቲቸር ውሃ ጨምረውበታል» አለ። አላመነኝም። እውነቱን ነው፤ ማን ጠበቀው? ለመስከረሙ የዋልታ ሳምንት እሱን ዘበኛ አድርጌ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ። የግሪንላንድ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ባህሩ 7 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው 58 ሜትር ገደማ ከፍ እንደሚል ነገርኳቸው። ነገ የሚሆን እንዳልሆነም ነገርኳቸው።

አንድ አባት ተነሱ። «ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ባህሩ እዚህ አይደርስ።» ደስ የሚል ጥያቄ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ዕቃ ጅቡቲ ወደብ ነው የሚወርደው አልኳቸው። ማዳበሪያውም፣ ስኳሩም። ወደብ ደግሞ ከባህሩ ጋር እኩል ነው። «እሱስ እውነት» ብለው ተቀመጡ።

የጥያቄው ሰዓት ከሁሉም በላይ ረዘመ። አፍሪካዊ እዚያ አለ ወይ? አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 የአንታርክቲካን ስምምነት ከፈረሙት 12 አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። የራሷ ጣቢያ አላት። በ2022 ከ3,000 ሜትር ጥልቀት የድሮውን የአንታርክቲካ አሳሽ የሻክልተንን የሰጠመ መርከብ ያገኙት ሰዎች የተሳፈሩት በእሷ መርከብ፣ በአጉልሃስ 2 ነው። በዚያ ሳምንት ሰሜን ዋልታ ላይ ፀሐይ ወጥታ ስድስት ወር እንደማትጠልቅ ስናገር ግን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ታዲያ እንዴት ያፈጥራሉ?» ግቢው ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ። የልጁ አያት መለሱልኝ፤ ቀንና ሌሊት በማይለይበት አገር ያሉ ሙስሊሞች አንዳንዶቹ የመካን ሰዓት፣ አንዳንዶቹ የቅርብ ከተማን ሰዓት ይይዛሉ። ለዚህ ጥያቄ ብቻ የሚሆን ፖስተር መስከረም ላይ ይኖራል። የሚሠሩት አያትና ልጅ ናቸው።

ማታ ከማፍጠሪያ በኋላ የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ደወለ።

«በረዶው እንዴት ሆነ?»

«ቀለጠ።»

«ወይኔ! መንገድ ላይ?»

«አይ፣ እዚሁ። እንዲቀልጥ ነበር የፈለግኩት።»

ትንሽ ዝም አለ። «እና ሰጋቱራ ፍለጋ በሌሊት አናጢ ቤት ያንኳኳሁት ለምንድን ነው?»