ባትሪው ታስሯል ወይስ ተቀምጧል?

ስለ ሌባ አይደለም የማወራው። ባትሪ ማሰር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ሰንሰለትና ቁልፍ ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ግን ዛሬ አይደለም። የእኔ ጉዳይ ባትሪው ከመኪናው ጋር አንድ አካል ሆኖ እንዲሄድ ማድረግ ነው። አሮጌ ፒካፕ ያላችሁ ሰዎች ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወጥታችሁ ኮፈኑን ብትከፍቱ ደስ ይለኛል፤ እኔ በጊዜ ባለመክፈቴ ሁለት ባትሪ ገድያለሁና። አንዱም በእርጅና አልሞተም።

የመጀመሪያው ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ "ጠቅ" ብቻ አድርጎ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ፣ ነቅዬ፣ ትንሽ አሳርፌ ስለካው 10.5 ቮልት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ሴል ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ሞልቶ ሲያርፍ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፣ ድምሩ 12.6 ይመጣል። 10.5 ማለት አንዱ ሴል የለም ማለት ነው። እኔ ግን የባትሪውን ጥራት ረገምኩና ሌላ ገዛሁ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሰው ባገኘሁ ቁጥር "የድሮ ባትሪ ቀረ" እያልኩ አማርር ጀመር። ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዲናሞ አስፈተሽኩ፣ ሞተሩ እየሠራ 14.2 ቮልት ይሰጣል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል። ሌሊት የሚበላ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ለካሁ። ምንም የለም።

ሦስተኛውን ባትሪ ያዳነው አንድ ጠጠር መንገድ ነው። ደረጃ ደረጃ የሠራ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ። እየሄድኩ ሬዲዮው ድንገት ጠፍቶ በራ። ሰዓቱ ወደ ዜሮ ተመለሰ፣ የሆነ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ ቀና ስል ከኮፈኑ ሆድ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጥብ አየሁ። ቀለሙ ተቃጥሎ ሄዷል፣ ብረቱ መሀሉ ላይ ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጠር ብሏል። ልክ ከፖዘቲቩ በላይ። ቀዩ የጎማ ክዳን ተንሸራቶ ወድቋል። ፖዘቲቩ ኮፈኑን ስሞታል ማለት ነው።

ባትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ገፋ ሳደርገው እንደተነቃነቀ ጥርስ ሄደ መጣ። የገረመኝ ባትሪውን ከላይ የሚያቅፈው ብረት ዳዶ ጥብቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ያየልኝን አንድ ትልቅ ሰው መካኒክ "ጋሼ፣ ይኸው እኮ ታስሯል" ብላቸው ብረቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው "የታሰረው ይሄ ብረት ነው እንጂ ባትሪው መች ታሰረ፤ እሱ ዝም ብሎ ተቀምጧል" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ሰው ባትሪው መታሰሩን የሚፈትሸው ከላይ ነው። ችግሩ ያለው ታች ነው፣ በተለይ መኪናው አሮጌ ከሆነ።

እስቲ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ለምን ባትሪ እንደሚገድል ልበል። ውስጡ ያሉት ሳህኖች ቀጭን የእርሳስ መረብ ናቸው፤ መረቡ ላይ እንደ ጭቃ የተለጠፈ ነገር አለ፣ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ያ የተለጠፈው ነው። ሲንቀጠቀጥ ይረግፋል። የረገፈው ታች ይጠራቀምና ቀን ቆጥሮ ሁለት ተቃራኒ ሳህኖችን ሊያገናኝ ይችላል፤ ሴሉ በዚያው ያልቃል። ባትሪው ራሱ ደግሞ ቀላል ዕቃ አይደለም፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የናፍጣ ፒካፕ ከሆነ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይሄ ሁሉ ኪሎ በየጉድጓዱ ሲዘል የሚይዘው ካጣ ገመዶቹ ናቸው የሚይዙት። ገመድ ለዚህ አልተሠራም። የእርሳሱን ጫፍ ወዲያ ወዲህ ይጎትተዋል፣ ሥሩ ላይ ያለው ማሸጊያ ይላላል፣ አሲዱ በዚያ እየተሳበ ይወጣና ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያበቅላል። እኔ ያን ዱቄት በየወሩ እየጠረግኩ "ሞቃት ስለሆነ ነው" እል ነበር። ተርሚናሉ ሞተሩ እየሠራ ለቅጽበት እንኳ ቢላቀቅ ደግሞ ከዲናሞው የሚወጣው ቮልቴጅ ድንገት ይዘልና የራሱን የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል።

ወደ ሥራው። ባትሪው መውጣት አለበት። ሳይወጣ ምንም አይታይም።

ሲፈታ ቀድሞ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ላይ ኔጋቲቩ። ይህን ሁሉም ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። የአብዛኛው መኪና አካል ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን እየፈታችሁ የምትፈቱበት ቁልፍ ጭራ ፓራፋንጎውን ቢነካ ቁልፉ ራሱ ሽቦ ሆነ ማለት ነው፤ ይግላል፣ ይጣበቃል፣ እጅ ያቃጥላል። ኔጋቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ባትሪው ቻርጅ ሲያደርግ ሃይድሮጅን ይተፋል፤ ይሄ ጋዝ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ለመፈንዳት አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሲጋራ የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ።

የእኔን ሳነሳው ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነባብሯል። ካቻቪቴ ጫን ሳደርግበት ወደ ታች ዘለቀ። ከላይ የሚያቅፈውን ብረት የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው፣ ጫፋቸው ተቆልምሞ ታች ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አንደኛው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆኗል፣ ዳሩ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ዳዶውን ባጠበቅኩ ቁጥር ባትሪውን ወደ ታች የምጫነው ይመስለኛል እንጂ የበሰበሰውን ላሜራ ወደ ላይ እየጎተትኩት ነበር። ስንት ጊዜ አጥብቄዋለሁ መሰላችሁ!

ለምን ይበሰብሳል ካላችሁ፣ በባትሪ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሶ ያህሉ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ጥቂት ይተናል፣ ጥቂት ይንጠባጠባል። መቀመጫው ላይ ውኃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ በጭቃና በቅጠል ከተደፈኑ አሲዱም ውኃውም እዚያው ይተኛል። የእኔ ሁሉም ተደፍነው ነበር። ባትሪ ባወጣችሁ ቁጥር ሽቦ አስገብታችሁ ክፈቷቸው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

አጸዳዱ ቀላል ነው። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጣችሁ ታፈሱበታላችሁ። አሲድ ካለ ይፍለቀለቃል። መፍለቅለቁ እስኪያቆም መደጋገም ነው፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ። ባትሪውንም ከውጭ በዚሁ ማጠብ ይቻላል፤ በክዳኖቹ በኩል ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ከገባ የውስጡንም አሲድ ያከሽፈዋል። ሲደርቅ በሽቦ ብሩሽ። ከብሩሹ በኋላ የተረፈው ብረት ምን ያህል እንደሆነ በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ እያደረጋችሁ ስሙት፤ ደህናው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል።

የእኔ ግማሹ ዱብ አለ። ግማሹን በሴጌቶ ቆርጬ አወጣሁና 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አስበየድኩ። ብየዳ ካለ ባትሪው ከመኪናው ወጥቶ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ የዲናሞውም ገመድ ይፈታ። ቀዳዳ የምትበሱ ከሆነ ትራፓኖውን ከመጫናችሁ በፊት ከጀርባ ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ፤ የፍሬን ቱቦም የሽቦ እስርም እዚያ አካባቢ ማለፍ ይወዳሉ። ጸረ ዝገት ቀለም ከላይም ከታችም። ከታች መቀባት ይረሳል፣ ዝገቱ ግን ከታችም ይጀምራል።

ከሥሩ ስስ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። እንጨት አይሆንም፣ ስፖንጅ አይሆንም፣ ምንጣፍ ጨርቅ አይሆንም። ሁሉም አሲዱን ጠጥተው ብረቱ ላይ አጣብቀው ይይዙታል።

ከላይ ለሚያቅፈው ብረት ፋብሪካው የሠራውን ካገኛችሁ እሱን አድርጉ። እኔ አላገኘሁም፣ 25 ሚሊ ሜትር አንግል ብረትና ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው የተጠቀምኩት፤ የብሎኖቹ ቆልማማ ጫፍ የሚይዘው ደግሞ መቀመጫው ላሜራ ላይ ሳይሆን ደህና ወፍራም ብረት ላይ በታሰረ ቅንፍ ነው። ብረቱ በባትሪው አናት ላይ በሁለቱ ተርሚናሎች መሀል ስለሚያልፍ፣ ቢንሸራተትና ፖዘቲቩን ቢነካ ራሱ አደጋ ይሆናል። የውኃ ጎማ ቁራጭ በርዝመቱ ሰንጥቄ አለበስኩት።

አንድ እጅ የሚያታልል ነገር አለ። አዲሱ ባትሪ ከድሮው አጠር ያለ ከሆነ ዳዶው እየወረደ ሄዶ የብሎኑ ጥርስ የሚያልቅበት ላይ ይደርስና እዚያ ይጠብቃል። እጃችሁ "ጠበቀ" ይላችኋል። ባትሪው ግን አልተነካም። ራንዴላ ደራርቡበት ወይም ጥርሱ ወደ ታች የሚረዝም ብሎን ፈልጉ። በሌላ በኩል ደግሞ አለልክ ማጥበቅ አለ፣ የፕላስቲኩ አናት ሲጎብጥ ካያችሁ አልፋችኋል፤ ይሰነጠቃል። በእጅ እስከሚሄድ ድረስ፣ ከዚያ በቁልፍ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው እንዳይላላ በላዩ ላይ ሌላ ዳዶ እሰሩበት።

ከሥር ከንፈሩን ጨብጦ የሚይዝ ዓይነት ማሰሪያ ያላቸው መኪኖችም አሉ። ያ ዓይነት ከሆነ ባትሪው ራሱ ከሥሩ ዳር ከንፈር ያለው መሆን አለበት። ከሌለው ምንም ብታደርጉ አይያዝም። ሲገዛ ደግሞ ቁጥሩን አንብቡ። ለምሳሌ በጃፓን አጻጻፍ 55ዲ23ኤል የሚል ካያችሁ 23ቱ ርዝመቱ ነው፣ በሳንቲ ሜትር፤ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በየትኛው በኩል እንደሆኑ ይናገራል። ፊደሉ ከተሳሳተ ገመዱ ተወጥሮ ነው የሚደርሰው፤ የተወጠረ ገመድ ደግሞ በየጉድጓዱ ተርሚናሉን ይጎትታል።

ካላማዳሪያ ቆርጦ ማሰርን በተመለከተ፣ አውቃለሁ፣ ሁላችንም አድርገነዋል። መንገድ ላይ ከቀራችሁ ወደ ቤት ለመድረስ ያገለግላል። ግን ጎማ ይለጠጣል፣ ችግሩ ይኸው ነው፤ ባትሪው ይዘላል፣ ጎማው መልሶ ይጥለዋል። ከሞተሩ ሙቀት ጋር ደግሞ ወራት ሳይቆይ ይሰነጣጠቃል።

ከኮፈኑ ጋር ያለውን ርቀት ለማወቅ ኔጋቲቩ ገና ሳይታሰር የለስላሳ ጭቃ ድቡልቡል በላስቲክ ጠቅልዬ ፖዘቲቩ ላይ አስቀመጥኩና ኮፈኑን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ስከፍተው ጭቃው ተጨፍልቆ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ቀርቶታል። ይበቃል። ቀዩን ክዳን መለስኩ።

የመጨረሻው ፈተና መሣሪያ አይጠይቅም። ባትሪውን በሁለት እጅ ይዞ ወዲያ ወዲህ በኃይል መነቅነቅ ነው። ባትሪው ብቻውን ከሄደ አልታሰረም። መኪናው አብሮት ከተወዛወዘ ታስሯል። የእኔ አሁን ፊት ለፊቱ ሁሉ ይወዛወዛል።

ከሳምንት በኋላ ስፈትሸው ዳዶው ግማሽ ዙር ወሰደ፤ የጎማው ምንጣፍ ተጨምቆ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘይት በለወጥኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ አልላላም። ኮፈኑ ላይ የነበረችውንም ነጥብ ሞርጄ ቀለም ቀባኋት፣ መዛግ ጀምራ ነበር።