አጎበሩን ወደ ሐይቋ የወሰድኩት እኔ ነኝ

የሐይቋን ስም አልጽፍም። ሸዋሮቢት አካባቢ ያላችሁ ታውቋታላችሁ። አምና አንድ ልጅ እዚያ ያጠመደውን ትልቅ ዓሣ ከነቦታው ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ሦስት መረብ ገባባት። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ስለጥፍ እንኳን ከጀርባ ያለው ኮረብታ እንዳይታይ እጠነቀቃለሁ።

ሐይቅ የምንላት እኛ ነን እንጂ ለመስኖ የተገደበች ውሃ ናት። አንዱ ዳር ቆማችሁ ማዶ ያለውን ሰው ብትጠሩት ይሰማል። ግን ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አላት፣ አምባዛ አላት፣ ጠዋት ጠዋት ወፍ ይሰፍርባታል። ለኔ ይበቃል። ሥራዬ የውሃ ሞተር ጥገና ነው። ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማው ገበሬ ሁሉ ደንበኛዬ ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ፣ መንጠቆና ክር ይዤ፣ ከጭቃው ቆፍሬ ያወጣሁትን ትል በቆርቆሮ አድርጌ እወርዳለሁ። ሙቀቱ በረድ ሲል ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ አጎበሩ ነው። ብዙ ሰው ሲያማርር እሰማለሁ። «ዓሣው አለቀ፣ ወጣቱ ጨረሰው» ይላል። መጀመሪያ የራሴን ልናገር።

2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። እኔ፣ የአክስቴ ልጅና አንድ ጎረቤታችን ሆነን ለወባ መከላከያ የተሰጠንን አጎበር ይዘን ወረድን። ሐሳቡ የኔ ነበር። ጫፍና ጫፉን እንጨት ላይ አሰርን፣ ከታች በኩል እንዲሰምጥ ድንጋይ ቋጠርንበት። ጉልበታችን ድረስ ገብተን በጥልቁ ሳይሆን በዳሩ፣ ውሃው ሞቅ ባለበት በኩል ጎተትነው። የአጎበር ቀዳዳ ትንኝ አያሳልፍም። ዓሣማ ምን ያሳልፋል? ስናወጣው ግማሽ ባልዲ ሞላ። አብዛኛው ጣት የማያክል ነው።

ከመሐላቸው አንዲት መዳፍ የምታክል ቆሮሶ ነበረች። አገጯ ያበጠ ይመስላል። ባልዲው ውስጥ ስጥላት አፏን ከፈተች። ከአፏ ጥቋቁር ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ፈሰሰ። የበላችውን ያስመለሰች መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዓይን አላቸው። ጭራ አላቸው። ደቃቅ ጫጩቶች ናቸው። አንድ ላይ ሆነው ተመልሰው ወደ አፏ ይጠጋሉ። እሷ ደግሞ በጎኗ ተኝታ ስንጥቧ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ያን ቀን መልሰን አልለቀቅናቸውም። ጠብሰን በላን። እሷንም ጭምር።

ማሳቸው ከሐይቋ ጥግ የሆነ አንድ አዛውንት አሉ። አባባ ነው የምንላቸው። ስንወጣ ባልዲውን አዩና «ዘሩን እኮ ነው የበላችሁት፣ ልጆቼ» አሉን። አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር። ገበሬ ዘር በላህ ሲልህ ምን ማለቱ እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቀዋል።

በኋላ ሞተር ሊያሠራ የመጣ አንድ የዓሣ ባለሙያ አገኘሁና ያየሁትን ነገርኩት። አስረዳኝ። የቆሮሶ ወንዱ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። እንቁላሉ አፏ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ እዚያው ይጠበቃሉ። ነገሩ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ እናትየዋ በቅጡ ምግብ አትቀምስም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው። ካልበላች ትል አትነካም። ትል ካልነካች መንጠቆዬ ላይ አትመጣም ማለት ነው። መንጠቆ የራበውን ይይዛል። ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ የምትጾመውን እናት የሚያወጣት መረብ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳር ዳሩን የሚጎተት አጎበር ነው። እኛ ያን ቀን የጎተትነው ልክ ማዋለጃ ክፍሉ ላይ ነበር።

«ቆሮሶ እንደ ጉድ ነው የሚራባው፣ አያልቅም» የሚሉኝ አሉ። በፍጥነት መራባቱ እውነት ነው። ግን ትልልቁ እየተለቀመ ሲሄድ የሚቀሩት ገና በትንሽነታቸው መውለድ ይጀምራሉ። ውሃው ዓሣ አለው፣ ዓሣው ግን አያድግም። እኛ ጋ አሁን የሚታየው ይኼው ነው። በፊት አንድ ሰዓት ተቀምጬ ስድስት ሰባት ደህና ዓሣ ይዤ እነሣ ነበር። አሁን በሰዓት ሁለት ካገኘሁ ቀኑ ቀንቶኛል፣ እነሱም ቀጫጮች ናቸው።

ጣና ላይ የደረሰውን ደግሞ አስቡት። እዚያ ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን ከ15 ዝርያ በላይ ነው፤ አብዛኛው ሌላ የትም የለም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁ ይህን ያውቃል፤ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። በዚያ የተነሣ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ያን የሚያህል ሐይቅ እንዲህ ከሆነ የኛዋ ስንት ዓመት ትቆያለች?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ክልክል ነው። ልጅ ሳለሁ መርሐቤቴ አጎቴ ጋ ስሄድ ጀማ ወንዝ ላይ ብርብራ ሲደረግ አይቻለሁ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሰው ትልልቁን ይለቅማል። ትንንሹ ወደ ታች ይሄዳል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያኔ ክልክል መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። ሕጉ ወረቀት ላይ ነው። ሐይቋ ዳር ጠባቂ የለም። በየሳምንቱ እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እንደኔ መንጠቆ የያዙት ናቸው። መረብ ሲገባ መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። ዝም ስንል ፈቀድን ማለት ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መንጠቆዬ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የምትመለሰዋን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄ አጠፋታለሁ። አዎ፣ አንዳንዱ ዓሣ ያመልጣል። የማልፈልገውን ግን ከንፈሩን ሳልቀድ በቀላሉ አወጣዋለሁ። ዓሣውን ከመንካቴ በፊት እጄን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው። መንጠቆውን ከዋጠው አልጎትትም፣ ክሩን አፉ ጋ እቆርጥለታለሁ። ስመልሰውም አልወረውርም። ውሃ ውስጥ ያዝ አድርጌው እቆያለሁ፣ ራሱ ጭራውን መትቶ ሲሄድ ደስ ይላል። ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቤቴ አይገባም። ጉድጓዶቹ የሚታዩበትን ዳር ጨርሶ ትቼዋለሁ፣ እግሬንም አላስገባም።

ሌላው ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ቀን ውሃ መሳብ ያቃተው ሞተር መጣልኝ። ስፈታው የሚሽከረከረው ክፍል ላይ የዓሣ ቅርፊትና የተፈጨ ጫጩት ተለጥፎ አገኘሁ። የመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ወንፊቱ ወልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐይቋ ላይ የሚሠራ ሞተር እጄ ሲገባ ሳልጠየቅ ወንፊቱን አያለሁ። ከሌለው በደቃቅ ሽቦ ሠርቼ በነጻ አስርለታለሁ። ናፍጣ የነካ ዕቃ ውሃው ዳር እንዳይታጠብም እለምናለሁ። ገበሬው አይከፋም፣ ሞተሩም ይጠቀማል።

ከባዱ አጎበር ከሚጎትቱት ልጆች ጋር ያለው ነው። አንዱ «ጋሼ፣ ሥራ የለንም፣ ምን እንብላ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ፈላጊ ይበዛል (ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ)። አንድ ነጋዴ መጥቶ በየሳምንቱ 30 ኪሎ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር። ከዚህች ውሃ በሳምንት 30 ኪሎ ማውጣት ማለት በፋሲካ ባዶ ማድረግ ነው። እምቢ አልኩት። ልጆቹ ጋ እንደሄደ ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ከመቆጣት ሌላ ነገር ሞከርኩ። መንጠቆና ክር በብዛት ገዛሁ። አጎበር ለሚያመጣልኝ ልጅ ሁለት መንጠቆ፣ ክርና ከሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን የተሠራ ተንሳፋፊ እሰጣለሁ። አጎበሩን ደግሞ እናቱ ጋ እመልሳለሁ። ወባ በሚያንቀጠቅጥ አገር አጎበር ውሃ ውስጥ ሲጎተት፣ ሕጻናት ሌሊቱን ያለ መከላከያ ሲያድሩ ያንገበግባል። እስካሁን ሰባት አጎበር ተመልሷል። አንዱ ተመልሶ ወደ ውሃው ሄዷል። ስድስቱ አልጋ ላይ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ከነዚህ ልጆች አንዱ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አጠገቤ ተቀምጦ ቆሮሶ አወጣ። እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ። ማንም ሳይነግረው። ዓሣዋን ሣሩ ላይ አጋድሞ በስንዝሩ ለካት።

«ደርሳለች!» አለ።

የሱ ስንዝር ነው፣ ትንሽ ነው። ዝም አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ የኔን እጅ አየ። እጄን ጎትቶ ዓሣዋ ላይ ዘረጋው። በኔ ሁለት ጣት ቀራት።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ በሁለት እጁ ይዟት ውሃው ዳር ቁጢጥ አለ።