ምስጢር የማይቋጥር ትምህርት ቤት

ትልቅ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ሲጀምር ህክምናው ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሰው ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ እኔ ልንገራችሁ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። አራት ዓመት ከሞላው ወዲህ አልጋው ደረቅ ነበር። ፒያሳ ከኖርንበት የቀበሌ ቤት ለልማት ተነስተን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ሰፈሩም፣ ጓደኞቹም፣ ትምህርት ቤቱም በአንዴ ተቀየሩበት። ብዙም ሳይቆይ አንሶላው ረጥቦ ማደር ጀመረ።

ምክሩ ወዲያው ጎረፈ። አማቴ «በእሳት ሲጫወት ውሎ ነው» አሉ። ጎረቤቴ «ከቀትር በኋላ ውሃ የሚባል እንዳታሳዪው» አለችኝ። አንዷ ዘመዴ ደግሞ አንሶላውን ራሱ ተሸክሞ ደረጃውን ይውረድ፣ ሰው ሲያየው ያፍርና ይተዋል ባይ ናት። ማፈሩንማ ማን ብሎት! አንድ ቀን ጠዋት እርጥቡን ፒጃማ ጠቅልሎ ከዘይት ጀሪካኑ ኋላ ወሽቆት አገኘሁ። በላዩ ላይ ጋዜጣ አልብሶበታል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ካርድ አወጣን፣ ወረፋ ጠበቅን፣ ሽንትና ስኳር ተመረመረ፤ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ይህን ምርመራ እንዳትዘሉት። ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሲጀምር የሽንት ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። በተለይ ውሃ ውሃ ካለና ከከሳ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጅ ናት። ግን ማናችንም ያልጠየቅነውን ጠየቀችው። «ካካ በየስንት ቀኑ ነው የምትለው?» ዝም አላት። ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ድርቀት አለው» አለችኝ። ጉዱ የወጣው እዚያ ነው። የአዲሱ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት በሩ አይዘጋም፣ ውሃም የለው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ሁለቱንም ይዞ ይውላል። ዓይነ ምድር ሲጠራቀም ደግሞ የሽንት ፊኛን ይጫነዋል። ቤት የመቀየሩ ጭንቀት ሲታከልበት ሌሊቱን እንዴት ይቻለው?

ያዘዘችው ቀላል ነበር። ቀን ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ማታ ብቻ ይቀነስለት። ከቁርስ በኋላ ሳይጣደፍ ሽንት ቤት ይቀመጥ። ፓፓያ፣ ጎመን፣ የሚያለሰልስ ሽሮፕ። ቁጣም ዱላም የለም። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አነጠፍን፣ ቅያሪ አንሶላ ራስጌው አጠገብ አስቀመጥን። እየቀነሰለትም መጣ።

ሐኪሟ በደግነት አንድ ወረቀት ጨምራ ጻፈችልን። ልጁ በጠየቀ ሰዓት ሽንት ቤት እንዲሄድ ይፈቀድለት የሚል ነው፤ ምክንያቱም ተጠቅሷል፣ ማኅተምም አለው። ወረቀቱን ለዩኒት ሊደሩ ቢሮው ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ሰጠሁት። «ምንም አያሳስብዎት፣ የእኛም ልጅ ነው» አለኝ። ወረቀቱን ለክፍል መምህሩ አስተላለፈ። መምህሩ ደግሞ ክፍሉ ፊት ቆሞ አነበበው! «እሱ ብቻ ለምን ይወጣል ብለው ሌሎቹ እንዳይጠይቁ» ነው አሉ።

ያን ዕለት ልጄ ቤት ገብቶ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ «እማዬ፣ ሐኪሟ የጻፈችው ለሁሉም ሰው ነው እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ ስሙ «ሽንታሙ» ሆነ። እየቀነሰ የነበረው ነገር እንዳዲስ አገረሸ።

ባለቤቴና እኔ ሄድን። ጥበቃው «ወላጅ የሚገባው አርብ ብቻ ነው» ብሎ በር ላይ አቆመን። በስንት ልመና ገባን። ርዕሰ መምህሩ ስልኩን እየነካካ «ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል» አለን። ባለቤቴ ተናደደ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቁ ተደንግጓል አለው። ሰውየው ቀና አለና «ማን መታው?» አለ። ይህቺ «ማን መታው» እስካሁን ታንገበግበኛለች። ልጅ የሚጎዳው በዱላ ብቻ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ ቅሬታ ካለን በማመልከቻ እንድናቀርብ ተነገረን። የልጁ ችግር በዝርዝር ተገልጾ፣ በሦስት ኮፒ! አንዱ ወረቀት ያደረሰብን አልበቃ ብሎ።

ማመልከቻውን አላስገባንም። ልጁን ወደ መስመር የመለሰው ሌላ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ እያበራን ሳለ ባለቤቴ ድንገት «እኔም እኮ እስከ አራተኛ ክፍል አልጋዬ ላይ እሸና ነበር» አለው። ለእኔም አዲስ ዜና ነው። ልጁ አባቱን አተኩሮ አየውና «በእሳት ትጫወት ነበር?» አለው። እንደዚያን ቀን ስቀን አናውቅም። ከዚያ በኋላ ሲረጥብበት መደበቁን ተወ። «እማዬ፣ ዛሬ አምልጦኛል» ብሎ ይነግረኛል፤ አብረን እንቀይራለን። የማይሸናባቸው ሌሊቶችም እየበዙ መጡ። ሻማና ጨዋታ ብቻውን አዳነው አልላችሁም፣ ሽሮፑም ድርሻ አለው። ግን ከአባቱ የሰማው የትኛውም ሐኪም የማያዝዘው ነው።

ባለሙያዎች ከትምህርት ቤት ጋር ተባብራችሁ ሥሩ ይላሉ። ትምህርት ቤቱን ካወቃችሁት፣ እሺ። ካላወቃችሁት ወረቀት አትስጡ። ልጁ የሚወደውን አንድ መምህር ለይታችሁ በቃል «ውሃ ብዙ እንዲጠጣ ታዟል፣ ሽንት ይመላለሰዋል» በሉት። ውሸት የለበትም፣ ምስጢርም አይወጣም። ዘመድ ጋም እንደዚያው። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር መካሪው ይበዛል፣ ልጁም ይሸማቀቃል።

ሌላው፣ ደረቅ ላደረ ቀን ሽልማት የሚባለው ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጅ ተኝቶ የሚሆነውን ምን ያደርገዋል? ብስኩቱን ያጣ ቀን ሁለቴ ተቀጣ ማለት ነው። ማመስገን ካማራችሁ ጠዋት ሽንት ቤት ስለተቀመጠ አመስግኑት፤ እሱ በእጁ ያለ ነገር ነው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ቀይረናል። ከመመዝገቤ በፊት መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አሳዩኝ አልኩ። ጸሐፊዋ ከላይ እስከታች አየችኝ፣ ግን አሳየችኝ። በሩ ይዘጋል፣ ውሃም አለው። የምዝገባው ፎርም ላይ «ተማሪው የጤና ችግር ካለበት ይገለጽ» ይላል። አስም ወይም የሚጥል በሽታ ቢሆን ኖሮ በደማቁ እጽፍ ነበር፤ አደጋ አለዋ። ይህን ግን «የለበትም» ብዬ ፈረምኩ።